ከጎንደር ወደ ፊልም ፌስቲቫል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ላይ የፊልም ፌስቲቫል ሊጀመር ሲል ፖስተሩ በቴሌግራም ይደርሰናል። ከፖስተሩ ኋላ ጥያቄው ይከተላል። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ካምፓስ ተማሪዎች፣ ፒያሳ ቡና ላይ ከሚገናኙ የፊልም ወዳጆች፣ አንዳንዴም ልጃቸው «ልሂድ» ብላ ካስጨነቀቻቸው እናቶች። ጥያቄዎቹ በየዓመቱ ያው ስለሆኑ እዚህ ሰብሰብ አድርጌያቸዋለሁ። ቀንና ዋጋ ስለሚቀያየር ለእሱ የአዘጋጆቹን ገጽ እዩ። እዚህ ያለው ሌላው ሌላው ነገር ነው።

ፊልም ፌስቲቫል ሲኒማ ቤት ከመግባት በምን ይለያል?

ሲኒማ ቤት የሚያሳያችሁ «ይሸጣል» ያለውን ነው። ፌስቲቫል ደግሞ አንድ ቡድን ቁጭ ብሎ ከተላኩለት ፊልሞች መካከል «ይህንንስ ሰው ይየው» ብሎ የመረጠውን ያሳያል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ፊልም ይታያል። አጭር አለ፣ ረጅም አለ፣ ዘጋቢ አለ። አብዛኛው ከዚያ በኋላ እኛ አገር ሲኒማ ቤት አይመጣም።

ሁለተኛው ልዩነት ሰዎቹ ናቸው። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራና የሠራው ሰው ፊት ለፊታችሁ ይቆማል። ትጠይቁታላችሁ፣ ይመልሳል። አንዳንዴ መልስ ያጣል፤ ያኔ ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል። እኔን ከጠየቃችሁ ፌስቲቫል ማለት ይኸው ጭውውት ነው። ፊልሙንማ አንድ ቀን በሆነ መንገድ ታገኙት ይሆናል።

ነገሩ የቆየ ነው። የጣሊያኗ ቬኒስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጀመረች፤ የፈረንሳይዋ ካን በ1946 ተከተለች። ወደ አፍሪካ ስንመጣ የቱኒዚያው ካርቴጅ በ1966፣ የቡርኪና ፋሶው ፌስፓኮ በ1969 ተጀመሩ። ፌስፓኮ ዋጋዱጉ ከተማ ውስጥ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል።

ጉማም ፌስቲቫል ነው?

አይደለም። ጉማ ሽልማት ነው። የአገር ውስጥ ፊልሞች ይወዳደራሉ፣ በአንድ ምሽት አሸናፊዎቹ ይጠራሉ፣ ቀይ ምንጣፉን እኛም በቴሌቪዥን እናያለን። ፌስቲቫል ላይ ሽልማት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ዋናው ሥራው ፊልም ማሳየት ነው።

አዲስ አበባ ላይ የትኞቹን ልጠብቅ?

በዘጋቢ ፊልሞች የሚታወቀው አዲስ ኢንተርናሽናል ፊልም ፌስቲቫል አለ፤ የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከአባል አገራቱ ኤምባሲዎችና ከባህል ተቋማት ጋር የሚያዘጋጀው የአውሮፓ ፊልም ፌስቲቫልም አለ። ከነዚህ ውጭ ትናንሽ የፊልም ሳምንቶች በየመሐሉ ብቅ ይላሉ። የፈረንሳዩ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ የጀርመኑ ጎተ ኢንስቲትዩትና የጣሊያን ባህል ተቋም ዓመቱን ሙሉ ፊልም ስለሚያሳዩ የሦስቱንም ገጽ ተከታተሉ። ቀኑ ከዓመት ዓመት ወዲያና ወዲህ ስለሚንሸራተት «አምና በዚህ ወር ነበር» ብላችሁ ትኬት አትቁረጡ።

ለአንድ ፊልም ይህን ሁሉ መንገድ? እኛ ጎንደሮች ምን አገባን?

ይህን የሚጠይቀኝ ብዙ ጊዜ ራሱ ካሜራ ያለው ልጅ መሆኑ ነው የሚገርመኝ።

ኃይሌ ገሪማ በ1946 እ.ኤ.አ. የተወለደው እዚሁ ጎንደር ነው። አባቱ ቴአትር እየጻፉ በየአገሩ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። ኃይሌ በ1967 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄደ፤ መጀመሪያ ቺካጎ ቴአትር፣ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ። «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። በዓመቱ ፌስፓኮ ላይ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። እንግዲህ «ፊልም የሸገር ልጆች ነገር ነው» የሚል ካለ ይህን ንገሩልኝ።

ከተማዋም ከሲኒማ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ፒያሳችን ላይ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ከሠራቸው ሕንፃዎች አንዱ ሲኒማ ቤት ነው። አሁንም ጎንደር ካሜራ የያዘ ሰው አላጣችም። ጥምቀትና ሠርግ እያሠለጠነ ያወጣቸው ቪዲዮ ቀራጮች ሞልተዋል። ግርግር መሐል ገብቶ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ታቦት ሲወጣ ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሞ መገኘት ቀላል ሙያ አይደለም። የጎደለን ሌላ ነገር ነው፦ ሌሎች ሰዎች ምን እየሠሩ እንደሆነ ማየትና ስላየነው ነገር ቁጭ ብሎ መነጋገር። መንገዱን የሚያስኬደው እሱ ነው።

መግቢያው ስንት ነው? የግብዣ ካርድ የለኝም።

ባህል ተቋማትና ኤምባሲዎች የሚያዘጋጁት ብዙውን ጊዜ በነፃ ነው። በነፃ ሲሆን ግን ወንበሩ የቀደመ ሰው ነው። ለሚጠበቅ ፊልም ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በፊት ድረሱ። መታወቂያ ያዙ፤ በር ላይ ፍተሻ አለ። ትልቅ ሻንጣ ይዞ መምጣት ያስቆማል።

የግብዣ ካርድ የሚያስፈልገው በአብዛኛው ለመክፈቻውና ለመዝጊያው ነው። ካላገኛችሁ ምንም አይቆጫችሁ። መክፈቻ ላይ ንግግር ይበዛል። ክቡራንና ክቡራት እየተባለ ሰዓቱ ያልፍና ፊልሙ ሲጀመር ግማሹ ሰው ወደ መስተንግዶው ወጥቷል።

ከጎንደር እንዴት ልሂድ? ስንት ቀንስ ልያዝ?

በአውሮፕላን ከአዘዞው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ወጥቶ። ሰላም በሆነ ጊዜ ማልዶ የተነሳ አውቶቡስ ማታ ይገባል። አሁን ግን መንገዱ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ መናኸሪያ ሄዳችሁ ትናንት የገባ ሹፌር ጠይቁ። ፌስቡክ ላይ የተጻፈውን ይዛችሁ አትነሱ። አጠራጣሪ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ፌስቲቫል በዓመቱ ይመለሳል።

ቀኑን በተመለከተ፣ አምስት ቀን የሚቆይ ፌስቲቫል አምስቱንም ቀን መታደም ግድ አይደለም። ሦስት ቀን ጥሩ ነው። ሲቻል መሐሉን ያዙ። የመጀመሪያው ቀን በግርግር ያልፋል፣ የመጨረሻው ቀን ሁሉም ሰው ስለ ሽልማቱ ብቻ ያወራል። የደረሳችሁበት ቀን ማታ ደግሞ ረጅም ፊልም አትያዙ። መንገድ ያደከመው ሰው ጨለማ ክፍልና ለስላሳ ወንበር ካገኘ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

የት ልረፍ?

ዘመድ ካለ ዘመድ ጋ። ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ፦ «ማታ ማታ አመሻለሁ፣ እራት አትጠብቁኝ»። አለበለዚያ አክስት ቡና አቀራርባ፣ ጎረቤት ጠርታ ትጠብቃለች። ያን ጥላችሁ ፊልም ለማየት መውጣት ቅያሜ ነው።

ዘመድ ከሌለ ፊልሙ ከሚታይበት ቦታ በእግር የሚደረስ ፔንሲዮን ፈልጉ። ለትራንስፖርት የሚወጣውን ብር ስትደምሩት ትንሽ ውድ የመሰለው ቅርብ ክፍል ይረክሳል። አንድ ማሳሰቢያ፦ የአዲስ አበባ ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ በጣም ተቀይሯል። ከዓመታት በፊት የምታውቁትን ሱቅ ምልክት አድርጋችሁ ብትሄዱ ቦታው ላይ ሌላ ነገር ነው የምታገኙት። ካርታ ተጠቀሙ።

ፕሮግራሙ «6፡30» ይላል። የቱ 6፡30?

ጥሩ ጥያቄ። ይህ ብዙ ሰው ያስቀራል። የውጭ ተቋማት ያሉበት ፕሮግራም ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያትማል። «6፡30 ፒኤም» ከሆነ በኛ ከምሽቱ 12፡30 ነው። «18፡30» ቢልም ያው ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው። ኖቬምበር 21 የሚል ካያችሁ በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 12 ነው፤ ኅዳር ሚካኤል። ፕሮግራሙ እጃችሁ እንደገባ እስክሪብቶ አንሱና ሁሉንም ወደኛ ቀይራችሁ ጎኑ ላይ ጻፉት። የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ካልተስማሙ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ይህም ያጋጥማል።

ይህ ሁሉ ፊልም ተደርድሮ የትኛውን ልምረጥ?

በመጀመሪያ ሁሉንም የማየት ሐሳቡን ተዉት። በቀን አምስት ፊልም ያየ ሰው ማታ ላይ የማን እናት እንደሞተች፣ የማን ቤት እንደፈረሰ ይምታታበታል። በቀን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ይበቃል።

እኔ ፕሮግራሙን ወረቀት ላይ አትሜ ነው የምሠራው። ስልክ ላይ ሲሆን አጠቃላዩ አይታይም። መጀመሪያ ዳይሬክተሩ የሚገኝባቸውን አከብባለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ የማገኘውን እሰርዛለሁ፤ ስሙ የገነነ፣ የትም የሚወርድ ፊልም ከሆነ ቤቴ አየዋለሁ። ከቀረው ውስጥ አንድ ስለሱ ምንም ያልሰማሁትን፣ አገሩን ካርታ ላይ ፈልጌ የማገኘውን እጨምራለሁ። ይቺ የመጨረሻዋ አንዳንዴ ትከሽፋለች። አንዳንዴ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው እሷ ትሆናለች።

የአጭር ፊልሞችን ዝግጅት አትናቁ። በአንድ ቁጭታ አምስት ስድስት ፊልም ይታያል። አንዱ ቢሰለቻችሁ ከ12 ደቂቃ በኋላ ሌላ ይመጣል። በተለይ መሥራት የምታስቡ ከሆነ በእናንተ አቅም ሊሠራ የሚችለው እሱ ነው። ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት። ተዋናዩ መስኮቱን ሲከፍት የመንገዱ ድምፅ እንዴት እንደሚገባ፣ ሲዘጋው ክፍሉ እንዴት ዝም እንደሚል ልብ ብላችሁ ስሙ። ከዚያ ፒያሳ መሐል የባጃጅ ጥሩምባ እንደዘበት የተቀዳባቸውን የራሳችንን ሥራዎች አስቡ።

ዘጋቢ ፊልም ላይ ደግሞ ርዕሰ ጉዳዩን ብቻ አይታችሁ አትምረጡ። ጦርነት፣ ስደት፣ ውሃ፣ የሴቶች ጥቃት እያለ ይቀጥላል። ሁሉም ከባድ ነው። ከባድ ፊልም በቀን አንድ ብቻ ይሁን። እኛ እዚህ ብዙ ያየን ሰዎች ነን፤ አንዳንዱ ትዕይንት ከአውሮፓ ተመልካች ይልቅ እኛን ነው የሚነካን። መሐል ላይ ከከበዳችሁ በቀስታ ተነሥቶ መውጣት ነውር አይደለም።

እንግሊዝኛዬ ደከም ይላል። ይገባኝ ይሆን?

ፊልሙ በአረብኛም ሆነ በፈረንሳይኛ ከታች የሚመጣው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ ሰብታይትል ካለ ፕሮግራሙ ላይ ይጻፋል፤ ከሌለ የታሪኩን አጭር መግለጫ አስቀድማችሁ አንብቡ። ማን ማን እንደሆነ ካወቃችሁ ቀሪውን ፊት ይነግራችኋል። ከስክሪኑ መሐል ትይዩ፣ ትንሽ ከፍ ካለ ረድፍ ተቀመጡ። ፊት ለፊታችሁ ረጅም ሰው ከተቀመጠ መጀመሪያ የሚሸፈነው ጽሑፉ ነውና።

ምን ልልበስ?

የፈለጋችሁትን። ለመክፈቻ ትንሽ ዘነጥ ብትሉ ያምራል፤ የሀገር ልብስ ከሆነ ደግሞ ካሜራው ሁሉ እናንተ ላይ ነው። ለሌላው ቀን ጃኬት ብቻ አትርሱ። የሸገር ማታ ይበርዳል።

ፊልሙ ሲያልቅ መጠየቅ እፈልጋለሁ። ግን እፈራለሁ።

የምትፈሩት ጥያቄው ሞኝ እንዳይሆን ነው። ሞኝ ጥያቄ ማንንም ገድሎ አያውቅም። አዳራሹን የሚገድለው ማይክ ከያዘ የማይለቀው ሰው ነው። ታውቁታላችሁ፤ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ይልና ስለ ሀገር ባህል፣ ስለ ትውልዱ፣ ስለ ራሱ ያልታተመ መጽሐፍ ያወራል። አወያዩ ሰዓቱን ያያል። ዳይሬክተሩ ፈገግታው ፊቱ ላይ ይደርቃል።

ጥሩ ጥያቄ አጭር ነው፤ ያያችሁትን አንድ ነገር ይይዛል። «እናትየው ደብዳቤውን ስታነብ ፊቷን ለምን አላሳያችሁንም?» ይህ ይበቃል። ዳይሬክተሩ ስለዚያች አንድ ሾት አሥር ደቂቃ ሊያወራ ይችላል፤ ፊቷን ያላሳየው መብራት ጠፍቶበት ይሁን አስቦበት ትሰማላችሁ። «ፊልሙ ምን መልእክት ያስተላልፋል?» ብትሉት ግን መቶ ቦታ የተናገረውን ይደግምላችኋል።

በአማርኛ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ካልተናገርኩ ብሎ ዝም ያለ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አወያዩ ይተረጉማል፤ ካልተረጎመ አጠገባችሁ ያለው ይተረጉማል። ስማችሁንና «ከጎንደር ነው የመጣሁት» የምትለዋን ጣል አድርጉ። ቀልድ አይደለም። ከአዳራሽ ስትወጡ «ጎንደር ያልሽው አንቺ ነሽ?» የሚል ሰው ይመጣል፤ ወሬ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

በስልኬ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ብለጥፍስ?

አይሆንም። ፖስተሩን፣ አዳራሹን፣ ከፊልሙ በኋላ ያለውን ውይይት ቅረጹ። ስክሪኑን አትቅረጹ። ብዙዎቹ ፊልሞች ገና ያልተሸጡ ናቸው። የእናንተ 30 ሰከንድ ለሠራው ሰው ጣጣ ሊሆን ይችላል። ስልኩንም ዝም በሉት፤ ድምፁን አጥፍቶ ብርሃኑን ቦግ ማድረግም ያው መረበሽ ነው። የኋላ ረድፍ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው የእናንተን ስክሪን ነው።

ልጄ ብቻዋን ልትሄድ ነው። እናት ነኝና ተጨንቄያለሁ።

እውነትዎን ነው፣ ቢጨነቁ አይፈረድብዎትም። ቦታው ግን የሚያስፈራ አይደለም። ባህል ተቋማት ጥበቃ አላቸው፤ የሚመጣውም ተማሪ፣ መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ ፊልም ሠሪ ነው። የሚያሳስበው መመለሻው ነው። የማታው ፊልም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሊያልቅ ይችላል፤ ውይይት ካለ ደግሞ ይመሻል። ልጅዎ የቀኑን ፊልም ብትመርጥ፣ ማታ ከቆየች ደግሞ በስልክ በሚጠራ ታክሲ ከሌሎች ጋር ሆና ብትመለስ ይሻላል። ፕሮግራሙን ፎቶ አንሥታ ትላክልዎት። የትኛው ሰዓት ላይ ስልክ እንደማታነሣ አውቀው ቢቀመጡ እርስዎም በየደቂቃው አይደውሉም፣ እሷም አትሳቀቅም።

ትናንሽ ልጆች ይዤ ልምጣ ለምትሉ ደግሞ፦ የዕድሜ ገደቡን ፕሮግራሙ ላይ እዩ። የሕፃናት ፊልም ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ቤት ይቆዩ።

አጭር ፊልም ሠርቻለሁ። እንዴት ላስገባ?

መጀመሪያ የፌስቲቫሉን ደንብ እስከ መጨረሻው አንብቡ። አሰልቺ ነው፤ ግን ጥሩ ፊልም ሆኖ ሳለ በደንብ ምክንያት የሚወድቅ ሞልቷል። ብዙ ፌስቲቫሎች አጭር ፊልም የሚሉት ከ30 ወይም ከ40 ደቂቃ በታች የሆነውን ነው። የተሠራበት ዓመት ላይም ገደብ ያደርጋሉ፤ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየውን አይቀበሉም።

ማመልከቻው የሚገባው በኢንተርኔት ነው። ብዙዎቹ ፊልምፍሪዌይ የሚባለውን ድረ ገጽ ይጠቀማሉ። ፊልሙን በፓስወርድ በተዘጋ ሊንክ ታስቀምጣላችሁ፣ አጭር መግለጫ ትጽፋላችሁ፣ ፖስተርና ሁለት ሦስት ፎቶ ታያይዛላችሁ። ጎንደር ላይ ኢንተርኔት ሲፈልግ ስለሚጠፋ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ። ሌሊት የሚጫን ፋይል ሌሊት ይጫን።

ክፍያ የሚጠይቁ አሉ። እዚህ ዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ይበዛል። መፍትሔው መጻፍ ነው። «ከኢትዮጵያ ነኝ፣ የመጀመሪያ ፊልሜ ነው፣ ክፍያውን ልታነሡልኝ ትችላላችሁ?» የምትል አራት መስመር ኢሜይል ላኩ። ለአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ክፍያ የሚያነሡ ብዙ ናቸው። ካልመለሱም ያጣችሁት አራት መስመር ነው።

ከዚያ ሦስት ነገር። አንደኛው ሰብታይትል ነው፤ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በደንብ ይታረም። የጎንደርን አነጋገር ለዛ ወደ እንግሊዝኛ ማምጣት ከባድ ስለሆነ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያንብበው። ሁለተኛው ድምፅ ነው። መራጮች የደበዘዘ ምስል ይታገሣሉ፣ የማይሰማ ንግግር አይታገሡም። ሦስተኛው ፈቃድ ነው። የታዋቂ ሰው ዘፈን ከሥር ለቃችሁ ከሆነ ፊልሙ እዚያው ይቆማል። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ አዝማሪውን ስትቀዱም እንዲሁ ነው፤ ለሥራውም ለፈቃዱም ክፈሉት፣ አንድ ገጽ ወረቀት ላይም ይፈርም። ግጥሙ ሲሞገስበት የኖረ ሰው ስሙ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ቢወጣለት ደስ ይለዋል።

ዩቲዩብ ላይ ከጫንኩት በኋላስ?

አንዳንዱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ «መጀመሪያ እኛ ጋ መታየት አለበት» ይላል። ስለዚህ ፌስቲቫል ካሰባችሁ ዩቲዩቡ ይቆይ። ጓደኞቻችሁ ካላየን ብለው ከጨቀጨቋችሁ ቤት ጠርታችሁ አሳዩአቸው።

ካልተመረጠስ?

«እናመሰግናለን፣ በዚህ ዓመት…» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ምክንያት አይጽፉም። ፊልሙ መጥፎ ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ የጊዜ ጉዳይ፣ ወይም በዚያ ዓመት ተመሳሳይ ታሪክ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ሌላ ቦታ ላኩት። በመልስ ደብዳቤ መጣላት ግን አያዋጣም፤ ይህ ዓለም ትንሽ ነው።

በነፃ ላገለግል እችላለሁ?

ይቻላል። በጎ ፈቃደኞች ትኬት ይቆጣጠራሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ፣ ማይክ ያዞራሉ። ፊልም ለማየት ግን ብዙ ጊዜ አይኖራችሁም። ሰው ማወቅ ከፈለጋችሁ ግቡበት፤ ፊልም ማየት ከፈለጋችሁ ተመልካች ሁኑ። ከጎንደር ሄዶ ለማገልገል ማደሪያውን ራሳችሁ መቻል ስላለባችሁ አዲስ አበባ ለሚማር የጎንደር ልጅ የሚቀል ነው።

ጎንደር ላይ ለምን አይዘጋጅም?

ይዘጋጅ። ግን «ዓለም አቀፍ» የሚል ባነር ከማሰቀል አትጀምሩ። ከአንድ ምሽትና ከሦስት አጫጭር ፊልሞች ጀምሩ።

ፊልሞቹን ከባለቤቶቹ በጽሑፍ አስፈቅዱ። ፌስቲቫል የሄደ ሰው እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ከአዳራሽ ውጭ ስልክ የተለዋወጣችሁት ዳይሬክተር «ለጎንደር ተመልካች ላሳየው?» ስትሉት እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም። የከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ይወቀው፤ ሕዝብ ስለሚሰበሰብ የፀጥታ አካልም ማወቅ አለበት። ደብዳቤውን በጊዜ አስገቡ፤ «ሃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትባለዋን ቀን ጨምራችሁ አስቡ።

ቦታው የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሊሆን ይችላል፤ የሆቴል አዳራሽም ይሆናል። ከመከራየታችሁ በፊት በቀን ብርሃን ገብታችሁ መጋረጃውን ዝጉት። አሁንም ጋዜጣ ማንበብ ከቻላችሁ ለቀን ፊልም አይሆንም። እጃችሁን አጨብጭቡ። ድምፁ እየተመላለሰ ከጮኸ ንግግር አይሰማበትም።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። ጥር 10 እና 11 ከተማው ሁሉ ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ላይ ነው በሉት፤ አልጋ አይገኝም፣ ከተገኘም ዋጋው አይቀመስም። የዩኒቨርሲቲ ፈተና ሳምንትም ተመልካች ያሳጣል። ፋሲል ከነማ የሚጫወትበትን ሰዓት ደግሞ በፍጹም አትምረጡ። አዳራሽ ውስጥ የምትቀሩት እናንተና ፕሮጀክተሩ ትሆናላችሁ።

ከፊልሙ በኋላ ለውይይቱ 40 ደቂቃ ተዉ። መሪ ይኑር፤ ማይኩን እሱ ይያዝ፣ ለጠያቂ አይስጥ። ቡና ቢኖር ሰው አይበተንም። ፊልሙን የሠራው ሰው መምጣት ካልቻለ በስልክ አገናኙት፤ ድምፁን ግን ከአዳራሹ ስፒከር ጋር አያይዛችሁ ከሰዓት ላይ ሞክሩት።

መብራት ይጠፋል፤ ይህን እርግጠኛ ሆናችሁ አስቡ። ጄኔሬተሩ ከአዳራሹ ራቅ ብሎ ከሕንፃው ጀርባ ይቀመጥ፤ አጠገብ ከሆነ ፊልሙን ሙሉ እሱን ነው የምትሰሙት። ነዳጁን ከቀኑ በፊት ግዙ፣ ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ተዋሱ፤ ፊልሞቹንም በሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ አንዱን ኪሳችሁ አኑሩት።